ጦርነትን በመጽሐፍ መዳኘት፦ የጣልያን ወረራ ዘመን ትዝታዎችና የታሪክ መጻሕፍት እንዴት ይነበቡ?

(በታሪክ ትምህርት ክፍል የሕዝብ ንግግር መድረክ ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ። ዓመተ ምሕረቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው፤ የውጭ መጻሕፍት የታተሙባቸው ዓመታት ግን «እ.ኤ.አ.» ተብለው ተለይተዋል።)





በየዓመቱ ትምህርት ሲጀመር ተማሪዎች ወደ ቢሮዬ እየመጡ አንድ ጥያቄ ያቀርቡልኛል። «ስለ አምስቱ ዓመት የጠላት ወረራ ለማወቅ የትኛውን መጽሐፍ ላንብብ?» ይሉኛል። ቀድሞ በብጣሽ ወረቀት ላይ የአንድ መጽሐፍ ስም ጽፌ እሰጥ ነበር። እየቆየሁ ስሄድ ግን ያ ብጣሽ ወረቀት ከጥቅሙ ጉዳቱ እንደሚያመዝን ተረዳሁ። አንድ መጽሐፍ ብቻ ያነበበ ሰው፣ አንድ ምስክር ብቻ ሰምቶ እንደሚፈርድ ዳኛ ነው። ፍርዱ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ትክክል ቢሆንም እንኳ በዕድል እንጂ በማስረጃ አይደለም።

ስለዚህ ዛሬ የምትነበቡ መጻሕፍትን ብጠቁማችሁም፣ ከስማቸው ይልቅ አነባበባቸው ላይ አተኩራለሁ። የንግግሬ ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ ጦርነትን ሙሉ በሙሉ ያየ ሰው የለም። የጦር አዛዡም፣ ወታደሩም፣ ጋዜጠኛውም፣ ሐኪሙም ያዩት ከቆሙበት ስፍራ የሚታየውን ብቻ ነው። እያንዳንዱ የጦርነት ትዝታ የአንድ እማኝ ቃል ነው። እማኞቹን አገናኝቶ፣ አንዱን በሌላው መርምሮ ብያኔ የመስጠቱ ሥራ የአንባቢው ነው።

፩. «እዚያው ነበርሁ» ማለት ማስረጃ ነውን?

በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጣልያን ጦር አገራችንን ሲወር፣ ኢንድሮ ሞንታኔሊ የሚባል የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት በበጎ ፈቃዱ ዘምቶ ነበር። ከኤርትራ ተወላጆች በተመለመለው በሃያኛው ሻለቃ ውስጥ የበታች መኮንን ሆኖ አገለገለ። ስለ ዘመቻውም «ሃያኛው የኤርትራ ሻለቃ» የተባለ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1936 አሳተመ። ይህ ወጣት በኋላ በጣልያን አገር እጅግ ከታወቁት ጋዜጠኞች አንዱ ለመሆን በቃ።

ኋላ ላይ «የጣልያን ጦር በኢትዮጵያ የመርዝ ጋዝ ተጠቅሟል» የሚለው ክስ በአገሩ ሲነሣ፣ ሞንታኔሊ አጥብቆ ይክድ ነበር። የክህደቱ መሠረት አንድ ነበር፦ እኔ እዚያው ነበርሁ፤ ጋዝ አላየሁም፤ አልሸተተኝምም። ይህ ቃል በብዙ አንባቢ ዘንድ ክብደት ነበረው። ቢሮ ተቀምጦ የሚጽፍ የታሪክ ሊቅ፣ በጦር ሜዳ ከዋለ ሰው ፊት ምን አፍ አለው?

ያ የታሪክ ሊቅ አንጄሎ ዴል ቦካ ይባላሉ። ዴል ቦካ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ጦርነቱ ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ የኢትዮጵያውያንን ቃል አካትተው ነበር። ከነዚያ መካከል የልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ምስክርነት ይገኛል። ራስ እምሩ በታኅሣሥ ወር 1928 ዓ.ም. በተከዜ ወንዝ አካባቢ ሳሉ ከአውሮፕላን ስለተጣሉት እንግዳ በርሜሎች ተናገሩ። በርሜሎቹ መሬት ሲነኩ እየተሰበሩ ፈሳሽ ይረጫሉ፤ ፈሳሹ የነካው ሰው እጁና እግሩ፣ ፊቱም ውሃ ይቋጥራል። ራስ እምሩ በሕይወት ዘመናቸው ብዙ የተዋጉ የጦር መሪ ነበሩ፤ ነገር ግን ሰውን እንደ እሳት የሚያቃጥል ዝናብ በምን እንደሚመከት አያውቁም ነበር።

ዴል ቦካ ይህን በመጻፋቸው ከቀድሞ ዘማቾች ብዙ ነቀፌታና ስድብ ደረሰባቸው። ክርክሩ ሠላሳ ዓመት ያህል ዘለቀ። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በየካቲት 1996 የጣልያን መከላከያ ሚኒስቴር የመርዝ ጋዝ በጥቅም ላይ መዋሉን በይፋ አመነ። በጦሩ መዛግብት ውስጥ የአዛዦቹ ቴሌግራሞች ሁሉን ይዘው ተቀምጠው ነበር። ሞንታኔሊም ተሳስቶ እንደነበር በአደባባይ ተናዘዘ።

ልብ በሉ፤ ሞንታኔሊ «አላየሁም» ሲል ምናልባት እውነቱን ነበር። የእርሱ ሻለቃ ባለበት ስፍራ ጋዝ ላይጣል ይችላል። ጋዙ ይጣል የነበረው በኢትዮጵያውያን ላይ እንጂ በጣልያን ጦር ላይ አልነበረምና። ስሕተቱ «አላየሁም» ከሚለው ወደ «አልተደረገም» መዝለሉ ነው። የአገራችን ሰው «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላል። እዚህ ላይ ግን ከመርሳትም የባሰ ነገር አለ፤ ወጊው ከቆመበት ስፍራ ቁስሉ ጭራሹን አይታይም። የጦርነት ትዝታ የሚያነብ ሰው አስቀድሞ ሊጨብጠው የሚገባ ቁም ነገር ይህ ነው።

፪. ሦስት ጥያቄዎች

እንግዲህ ማንኛውንም የጦርነት መጽሐፍ ስትከፍቱ ሦስት ጥያቄዎችን ጠይቁ። ጸሐፊው የት ቆሞ አየ? መቼ ጻፈ? ለማን ጻፈ? ጥያቄዎቹ ቀላል ይመስላሉ፤ ሥራ ላይ ሲውሉ ግን ብዙ ይገልጣሉ። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የተደረገውን የማይጨው ጦርነት እንደ ምሳሌ እንውሰድ።

ስለ ማይጨው በመጀመሪያ ከወጡት መጻሕፍት አንዱ የጣልያን ጦር ጠቅላይ አዛዥ የነበረው የማርሻል ፒየትሮ ባዶሊዮ «የኢትዮጵያ ጦርነት» ነው። እ.ኤ.አ. በዚያው በ1936 የታተመ ሲሆን፣ መቅድሙን የጻፈው ሙሶሊኒ ነው። ባዶሊዮ የቆመው ከጠቅላይ ሰፈሩ ነው፤ ካርታ አለው፣ አውሮፕላኖቹ መረጃ ያመጡለታል፣ የኢትዮጵያን የሬዲዮ መልእክቶችም ጦሩ እየጠለፈ ያነብ ነበር። ስለዚህ መጽሐፉ የጦር እንቅስቃሴን፣ የስንቅና የመንገድ ሥራን፣ የክፍለ ጦሮችን አሰላለፍ ለማወቅ ይጠቅማል። ለማን ጻፈ? ለአለቃውና ድልን ለሚጠባበቀው የአገሩ ሕዝብ። በመጽሐፉ ውስጥ ሁሉ ነገር አስቀድሞ በታሰበው መሠረት ይፈጸማል፤ አዛዡ አይደናገጥም፣ አይሳሳትም። የመርዝ ጋዙን ነገር በተመለከተ ከዚህ መጽሐፍ ኑዛዜ የሚጠብቅ አንባቢ አያገኝም።

ሁለተኛው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በማይጨው ራሳቸው ተዋግተዋል፤ ስለዚህ የዓይን ምስክር ናቸው። የመጀመሪያው ቅጽ የተዘጋጀው ግን በ1929 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ፣ በስደት ሳሉ ነው። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ያቀረቡት አቤቱታ ሰሚ ካጣ ገና ዓመት ገደማ መሆኑ ነው። እንግዲያውስ ይህ መጽሐፍ ትዝታ ብቻ ሳይሆን የአንድ አገር ክስ ማመልከቻ ነው። ጸሐፊው በአንድ በኩል የወራሪውን ግፍ ለዓለም ያስረዳሉ፤ በሌላ በኩል ስለ ራሳቸው ውሳኔዎች፣ በተለይም ከአገር ስለ መውጣታቸው፣ ለወገንና ለታሪክ መልስ ይሰጣሉ። ይህን ሁለት ፈርጅ ሳይለይ የሚያነብ ሰው መጽሐፉን በግማሹ ብቻ ያነባል።

ሦስተኛው እማኝ ሩሲያዊው ኮሎኔል ቴዎዶር ኮኖቫሎቭ ናቸው። በንጉሠ ነገሥቱ ጦር ውስጥ የጦር አማካሪ ሆነው ዘመቱ። ስለ ማይጨው የሰጡት ቃል የሚገኘው በመጀመሪያ በእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ በጆርጅ ስቲር መጽሐፍ ውስጥ ሲሆን፣ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1936 «ቄሳር በአቢሲኒያ» በሚል ስም ለንደን ውስጥ ታተመ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1938 የኮሎኔሉ ትዝታ በጣልያንኛ፣ በዚያው በፋሺስት ጣልያን ወጣ። ይኸው አንድ ሰው፣ ስለ አንድ ጦርነት፣ አንድ ጊዜ ለኢትዮጵያ ለሚያዝነው አንባቢ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ኢትዮጵያን በያዘው መንግሥት አገር ላለው አንባቢ ተናገረ። «ለማን ጻፈ?» የሚለው ጥያቄ ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆነ ከዚህ የበለጠ ማሳያ አላውቅም።

ሦስቱን ጎን ለጎን ያነበበ ተማሪ አንድ ነገር ያስተውላል። ሦስቱም በሚስማሙበት ላይ፣ ይኸውም በጦርነቱ ዕለትና በኢትዮጵያውያን ጥቃት ብርታት ላይ፣ እግሩን አስተማምኖ ይቆማል። በሚለያዩበት ላይ ግን ጥያቄ ይጀምራል። ታሪክ የሚጠናው ከዚህ ጥያቄ ወዲያ ነው።

አንዳንድ ተማሪዎች «የጠላትን መጽሐፍ ለምን እናነባለን?» ይሉኛል። መልሴ አጭር ነው፤ ጠላት በራሱ ላይ የሚሰጠው ምስክርነት ከሁሉም የጠነከረ ስለሆነ ነው። የመርዝ ጋዙን ክርክር የዘጋው በመጨረሻ የእኛ ጩኸት ሳይሆን የእነርሱው ቴሌግራም ነው። በዓድዋም እንዲሁ ነው። ጄኔራል ኦሬስቴ ባራቲየሪ ከሽንፈቱ በኋላ አሥመራ ላይ በጦር ፍርድ ቤት ቀርቦ በነጻ ተለቀቀ፤ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1898 የአፍሪካ ትዝታዎቹን አሳተመ። ያ መጽሐፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ራስን የመከላከል ሙግት ነው። ሰው ራሱን ሲከላከል ደግሞ ሳያውቀው የሚያወጣው ምስጢር ብዙ ነው። መጽሐፉን በጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ከተዘጋጀው የዳግማዊ ምኒልክ ዜና መዋዕል ጋር፣ እንዲሁም በልጅነታቸው ዓድዋ ከተገኙት ከፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ግለ ታሪክ ጋር አጣምሮ ማንበብ፣ ያን ጦርነት ከሦስት ኮረብታ ላይ ሆኖ እንደ ማየት ነው።

፫. የዘገየ ቃል

ከሦስቱ ጥያቄዎች በእኛ አገር መጻሕፍት ላይ ይበልጥ የሚከብደው «መቼ?» የሚለው ነው።

የወራሪው አዛዥ መጽሐፍ ጦርነቱ በተደረገበት ዓመት ታተመ። የእኛስ? የጥቁር አንበሳ ጦር አባል የነበሩት ታደሰ ሜጫ «ጥቁር አንበሳ በምዕራብ ኢትዮጵያ» የተባለውን መጽሐፋቸውን ያወጡት በ1943 ዓ.ም. ነው። የንጉሠ ነገሥቱ መጽሐፍ በ1929 ተዘጋጅቶ በ1965 ዓ.ም. ታተመ። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ የጦርነትና የምርኮ ዘመናቸውን የተረኩበት «ትዝታ» የወጣው ነገሩ ከተፈጸመ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። የራስ እምሩ «ካየሁት ከማስታውሰው»፣ የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት «የሕይወቴ ታሪክ» እና የደራሲ ተመስገን ገብሬ «ሕይወቴ» ደግሞ ባለቤቶቹ ካረፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው ለአንባቢ የደረሱት።

የዚህ መዘግየት ምክንያት አንድ አይደለም። አንዳንዱ ጸሐፊ ስለ ሕያዋን ሰዎች መናገር አልፈለገም። አንዳንዱ ዘመኑ አልፈቀደለትም። ከነጻነት በኋላ አርበኛውና ስደተኛው፣ ባንዳውና ታማኙ በአንድ አደባባይ፣ አንዳንዴም በአንድ ቢሮ ውስጥ ጎን ለጎን ይኖሩ ነበር፤ ሁሉን ገልጦ መጻፍ ብዙ ቤት ያፈርሳል። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ከቀድሞው ሥርዓት ጋር የተያያዘ ትዝታ ማውጣት በራሱ አስጊ ሆነ። ስለዚህ ብዙ ጽሑፍ በሣጥን ውስጥ ከረመ።

ለአንባቢ ይህ ሁለት ትርጉም አለው። በአንድ በኩል ዘግይቶ የተጻፈ ትዝታ ቀንና ቁጥር ይሳሳታል፤ ኋላ የተሰማው ነገር በፊት ከታየው ጋር ይቀላቀላል። በሌላ በኩል ግን ጸሐፊው ከሹመትና ከሽልማት ተስፋ ስለ ራቀ፣ የሚፈራውም ሰው ስላለፈ፣ ንግግሩ ነጻ ይሆናል። ቶሎ የተጻፈው በቀን አቆጣጠር ይታመናል፤ ዘግይቶ የተጻፈው በሰው ባሕርይ ይታመናል። ሁለቱንም እንደየብርታታቸው መጠቀም ያሻል።

የሐዲስ ዓለማየሁን «ትዝታ» እዚህ ላይ ለይቼ ላንሣው። ብዙዎቻችሁ ሐዲስን የምታውቋቸው በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ያን ልብ ወለድ ከመድረሳቸው በፊት ግን መምህር ነበሩ፤ ከራስ እምሩ ጦር ጋር ዘመቱ፤ የራስ እምሩ ጦር እጁን ከሰጠ በኋላ ወደ ጣልያን ተግዘው በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶች ታሰሩ። የሐዲስ ብርታት የጦር ካርታ አይደለም። ዝናብ፣ ጭቃ፣ ረኃብ፣ የተራ ዘማች ወሬ፣ የመኳንንት ኩርፊያ፣ ያልታወቀ ተስፋ፤ የጦርነት ኑሮ የሚባለው ነገር ሁሉ በእርሳቸው ብዕር ይታያል። ይህንኑ ዘመቻና ምርኮ የጦር መሪው ራስ እምሩም ጽፈውታል። አለቃውንና ተከታዩን ጎን ለጎን ማንበብ የሚቻልበት አጋጣሚ በታሪካችን ጥቂት ነው፤ አያምልጣችሁ። ሙሶሊኒም እ.ኤ.አ. በ1943 ከሥልጣን ሲወርድ፣ ራስ እምሩን ባሠረባት በዚያችው በፖንዛ ደሴት ለጥቂት ቀናት መታሰሩን በዚህ አጋጣሚ ላስታውሳችሁ።

፬. ያልጻፉትስ?

እንግሊዛዊው የታሪክ ሊቅ ጆን ኪገን እ.ኤ.አ. በ1976 «የውጊያ ፊት» ብለን ልንተረጉመው የምንችለውን መጽሐፍ አሳተሙ። ኪገን ሳንድኸርስት በተባለው የጦር አካዳሚ ለብዙ ዓመታት ለዕጩ መኮንኖች የጦር ታሪክ አስተምረዋል። መጽሐፉን የጀመሩት እርሳቸው ራሳቸው በውጊያ ውስጥ ኖረው እንደማያውቁ በመናዘዝ ነው። ከዚያም ከአምስት መቶ ዓመታት ውስጥ ሦስት ውጊያዎችን፣ አዠንኩርን፣ ዋተርሉንና ሶምን፣ ወስደው ስለ አዛዡ ብልሃት ሳይሆን ስለ ወታደሩ ጠየቁ። ምን ያይ ነበር? ምን ይሰማ ነበር? ለምንስ አልሸሸም? ቁስለኛው ማን አነሣው? ከዚህ መጽሐፍ ወዲህ የጦር ታሪክ አጻጻፍ እንደ ቀድሞው ሊሆን አልቻለም።

የኪገንን ጥያቄዎች ወደ እኛ መጻሕፍት ስናመጣ ትልቅ ባዶ ቦታ እናገኛለን። የጻፉት በአብዛኛው መኳንንትና የተማሩ ሰዎች ናቸው። ባላገሩ ዘማች፣ ስንቅ ተሸካሚው፣ አጋሰስ ነጂው፣ ምሽግ ቆፋሪው አልጻፈም። ከሁሉም በላይ ሴቶቹ አልጻፉም። በዚያ ዘመን ሴቶች ስንቅ አዘጋጅተዋል፣ ቁስለኛ አንሥተዋል፣ መረጃ አቀብለዋል፤ እንደ ሸዋረገድ ገድሌ ያሉት ደግሞ ታስረዋል፣ ተዋግተዋል። የእነርሱን ድርሻ በአብዛኛው የምናገኘው በሌሎች ትረካ፣ በልቅሶ ግጥምና በቤተሰብ ወግ ነው። የመዓዛ መንግሥቴ «ዘ ሻዶው ኪንግ» የተባለ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. በ2019 ሲወጣ የዓለምን አንባቢ ትኩረት የሳበው ይህን ባዶ ቦታ በምናብ ስለ ሞላው ነው። ልብ ወለድ ማስረጃ አይሆንም፤ ምን እንዳልተጠየቀ ግን ያሳያል።

ያልጻፉትን ለመስማት የሚሄድ ተመራማሪ ምን ሊያገኝ እንደሚችል አንድ ምሳሌ ልስጥ። በግንቦት ወር 1929 ዓ.ም. በደብረ ሊባኖስ ገዳም ስለተፈጸመው ጭፍጨፋ ግራዚያኒ ወደ ሮም በላካቸው ቴሌግራሞች የተመዘገበው ቁጥር 297 መነኮሳት፣ 23 ተባባሪ የተባሉ ሰዎችና በኋላ የተጨመሩ 129 ዲያቆናት፣ በድምሩ 449 ነው። ቁጥሩ የገዳዩ ስለሆነ ቢያንስ ይህን ያህል ሰው መገደሉን ማንም ሊክድ አይችልም። ኢያን ካምቤል ከኢትዮጵያዊው ባልደረባቸው ከደግፌ ገብረ ጻድቅ ጋር ሆነው ግድያው የተፈጸመባቸውን ስፍራዎች ተመላለሱባቸው፤ በሕይወት የቀሩ እማኞችን አነጋገሩ፤ የሟቾቹ ቁጥር ከቴሌግራሙ በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥም አሳዩ። የካምቤል መጻሕፍት ከቴሌግራሙ ባሻገር የሽማግሌውንም ቃል ሰምተዋል፤ አንዱን በሌላው መርምረዋል። የየካቲት 12ን ጭፍጨፋ ለማወቅ የሚፈልግም የካምቤልን ጥናት ከተመስገን ገብሬ ግለ ታሪክ ጋር ያንብብ። የመጀመሪያው የጭፍጨፋውን ስፋት ይነግራችኋል፤ ሁለተኛው በእነዚያ ቀናት በአዲስ አበባ ሰው ሆኖ መገኘት ምን እንደ ነበር።

፭. በምን ቅደም ተከተል?

አሁን ወደ ተማሪዎቹ ብጣሽ ወረቀት ልመለስ። ዛሬ ብጽፈው እንዲህ እጽፈዋለሁ።

በመጀመሪያ የዘመኑን አጥንት የሚያሳይ አጠቃላይ ታሪክ ያዙ። ለዚህ የፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ «የኢትዮጵያ ታሪክ ከ1847 እስከ 1966» ይበቃል። በእንግሊዝኛ ለምታነቡ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው የአንቶኒ ሞክለር የጦርነቱ ታሪክ ሰፊና ሕያው ነው። ሳታውቁ ወደ ትዝታዎቹ ከገባችሁ በሰው ስምና በቦታ ስም ትዋጣላችሁ።

ቀጥሎ ሁለት ትዝታዎችን ጥንድ አድርጋችሁ አንብቡ፤ ራስ እምሩንና ሐዲስ ዓለማየሁን። ከዚያም የታደሰ ሜጫን መጽሐፍ ጨምሩ። በሰኔ 1928 ዓ.ም. በነቀምቴ አቅራቢያ ቦናያ ላይ የጣልያን አውሮፕላኖች ተቃጥለው ጄኔራል ማሊዮኮ ከባልደረቦቹ ጋር የተገደለበትን ጥቃት ያደረሰው የጥቁር አንበሳ ማኅበር እንዴት እንደ ተመሠረተ ትረዳላችሁ።

በሦስተኛ ደረጃ የውጭ ታዛቢዎችን አንብቡ። ከጆርጅ ስቲር መጽሐፍ ጋር ኒኮላስ ራንኪን እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙትን የስቲርን የሕይወት ታሪክ አያይዙ። ስቲር ከኢትዮጵያ ወጥቶ የጌርኒካን መደብደብ ለዓለም ካሰሙት ጋዜጠኞች አንዱ ነው፤ የኢትዮጵያን ሰማይ ያወቀ ሰው የጌርኒካን ሰማይ ለማንበብ አልተቸገረም። የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ ጥቅሙ ይህ ነው፤ በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጦርነቶችን በአንድ ሰው ዕድሜ ያያይዛል።

በመጨረሻ የወራሪውን መጻሕፍት፣ ከዚያም የዴል ቦካን ምርመራ አንብቡ። ባዶሊዮን በመጀመሪያ ያነበበ ሰው በድሉ ዜማ ሊወሰድ ይችላል፤ በመጨረሻ ያነበበው ግን ዝም ያለባቸውን ቦታዎች ለይቶ ያውቃል።

አንድ መጽሐፍ ሆን ብዬ ለመዝጊያ አቆይቻለሁ። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ልዑክ ሆነው በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የነበሩት ስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ማርሴል ጁኖ፣ እ.ኤ.አ. በ1947 የአገልግሎት ትዝታቸውን በፈረንሳይኛ አሳተሙ። በቆረም አቅራቢያ በመርዝ ጋዝ የተቃጠሉ ሰዎችን በዓይናቸው አይተዋል። ኮሚቴው ግን በ1928 የያዘውን መረጃ ለመንግሥታት ማኅበር መርማሪዎች ለመስጠት ፈቃደኛ አልሆነም ነበር። ስለዚህ የሐኪሙ ቃል በመጽሐፍ እስኪወጣ ድረስ አሥራ አንድ ዓመት አለፈ፤ በዚያ መካከል አንድ የዓለም ጦርነት ተጀምሮ አልቋል።

በዚያ የፈረንሳይኛ መጽሐፍ ውስጥ አንዲት የአማርኛ ቃል አለች። ቁስለኞቹ በሜዳው ላይ ተዘርግተው ሲጮኹ ሐኪሙ የሰሙት ቃል ነው፤ «አቤት»። ቋንቋውን አያውቁም ነበር፤ ቃሏን ግን እንደ ሰሙ ጻፏት።

እኛ ቋንቋውን እናውቃለን። «አቤት» የተበደለ ሰው በዳኛ ፊት የሚያሰማው ጩኸት ነው። ደግሞም ሰው ስሙ ሲጠራ የሚመልሰው መልስ ነው። እነዚያ ሰዎች መጽሐፍ አልጻፉም፤ ስማቸውም አልተመዘገበም። ጩኸታቸው ሐኪሙ ዘንድ ደረሰ፣ ከሐኪሙ ወደ መጽሐፍ፣ ከመጽሐፍም ወደ እኛ ደረሰ። እያመሳከረ የሚያነብ ሰው ለዚያ ጥሪ «አቤት» ብሎ የሚመልስ ሰው ነው።

ከመለያየታችን በፊት አንድ ነገር አደራ ልበላችሁ። በየቤታችሁ፣ በአያቶቻችሁ ሣጥን ውስጥ፣ የተጣጠፈ ደብዳቤ፣ የእስር ቤት ማስታወሻ፣ የአርበኝነት ወረቀት፣ በእርሳስ የተጻፈ የደብተር ገጽ ሊኖር ይችላል። አትጣሉት፤ «ይህ ምን ይረባል?» ብላችሁ አትናቁት። ማን እንደ ጻፈው፣ መቼና የት እንደ ተጻፈ ጠይቃችሁ በጀርባው መዝግቡ፤ ከተቻለም ለቤተ መጻሕፍት አሳዩ። የራስ እምሩም፣ የተክለ ሐዋርያትም፣ የተመስገንም መጻሕፍት አንድ ሰው ጠብቆ እስኪያወጣቸው ድረስ እንዲሁ የተቀመጡ ወረቀቶች ነበሩ።